«ስሎፕ የለውም» ሲባል ዜሮ ነው ማለት ነው?

ጥያቄ፦ ጅማ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ሒሳብ አስጠናለሁ። የቀጥታ መስመርን ስሎፕ በአማርኛ ሳስረዳ አንዱ «ዳገት»፣ ሌላው «ዝንባሌ» ይለዋል። የትኛው ይሻላል? አግድም መስመርስ «ስሎፕ የለውም» ይባላል?

መልስ፦ «ስሎፕ» ማለት ነውር የለውም፤ ፈተናውም የሚመጣው በዚሁ ስም ነው። በአማርኛ ከሆነ ግን «ተዳፋት» ይበሉ። የ«ዳገት» ችግሩ እንደ መንገደኛው መለዋወጡ ነው። ከከተማው ወደ ጅረን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ለሚወጣው ዳገት የሆነው መንገድ፣ ለሚመለሰው ቁልቁለት ነው። የመስመር ተዳፋት ግን ከየትኛውም ነጥብ ቢነሡ ያው ነው።

ተዳፋት ማለት የዋይ ልዩነት ሲካፈል ለኤክስ ልዩነት ነው። በ(2፣ 3) እና በ(6፣ 11) የሚያልፈውን መስመር እንውሰድ። የዋይ ልዩነት 11 − 3 = 8፣ የኤክስ ልዩነት 6 − 2 = 4፤ 8 ሲካፈል ለ4፣ 2። ቅደም ተከተሉን ብንገለብጠው −8 ሲካፈል ለ−4፣ አሁንም 2። ተማሪ የሚሳሳተው ላይኛውን ከአንዱ ነጥብ፣ ታችኛውን ከሌላው ሲጀምር ነው። 11 − 3 ብሎ ከሥሩ 2 − 6 ይጽፋል፤ መልሱ −2 ይሆንና ሽቅብ የሚወጣው መስመር ቁልቁል ይወርዳል። ሲያነቡም «ስምንት ለአራት» ይበሉ እንጂ «ስምንት በአራት» አይበሉ፤ «በ» ሲሰማ ጆሮ ማባዛት ነው የሚጠብቀው።

«ዝንባሌ»ን ለማዕዘኑ ይተዉት። ሁለቱ ዘንጎች፣ የኤክስና የዋይ መስመሮች፣ በእኩል ልክ ከተሰመሩ፣ ተዳፋቱ 1 የሆነ መስመር ከአግድሙ ጋር 45 ዲግሪ ይሠራል፤ ተዳፋቱ 2 የሆነው ግን 90 ሳይሆን 63 ገደማ ነው። ተዳፋቱ እጥፍ ስለሆነ ማዕዘኑ እጥፍ አይሆንም።

«የለውም» ላይ ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። አማርኛችን ኪሱ ባዶ የሆነውን ሰው «ገንዘብ የለውም» ይላል፤ ያ ዜሮ ነው። በ(2፣ 3) እና በ(6፣ 3) የሚያልፈው አግድም መስመርም 0 ሲካፈል ለ4 ነውና ዜሮ ያወጣል፤ ዜሮ ደግሞ ራሱን የቻለ ቁጥር ነው። በ(2፣ 3) እና በ(2፣ 11) የሚያልፈው ቀጥ ብሎ የቆመ መስመር ግን 8 ሲካፈል ለ0 ይሆናል፤ ይህን የሚመልስ ቁጥር ጭራሽ የለም። «ተዳፋት የለውም» ቢሉ ተማሪው የትኛውን እንዳሉ አይለይም። ስለዚህ የተጋደመውን «ተዳፋቱ ዜሮ ነው»፣ የቆመውን «ተዳፋቱ አይበየንም» ይበሉ። «አይታወቅም» ግን አይሆንም፤ መልሱ የሆነ ቦታ ተደብቆ ፈላጊ የሚጠብቅ ያስመስለዋል።