የተሰነጠቀ የፊት እንጨት፣ የሚራገጥ ጠመንጃ፦ ጥያቄና መልስ

ባለፈው ሳምንት "ስለ ጠመንጃ እንጨት የምትጠይቁት ካለ ጠይቁኝ" ብዬ ነበር። ከጠበቅኩት በላይ መጣ። አብዛኛው ደግሞ ስለ አንድ ነገር ነው፦ በርሜሉን ከሥር የሚይዘው የፊት እንጨት ሲሰነጠቅ። ለማታውቁኝ፣ የጎንደር አናጺ ልጅ ነኝ፤ አሁን ዴንቨር አካባቢ የአዳኞችን ጠመንጃ እንጨት እጠግናለሁ። ብረቱን ለባለሙያው እተወዋለሁ።

ምንም ከመንካታችሁ በፊት ጥይቱን አውጡ። ባዶ መሆኑን በዓይናችሁ እዩ፣ በጣታችሁም ዳስሱ።

ጥያቄ (ከሚኒሶታ)፦ ጋሼ፣ ባለ 12 ፓምፕ ሾትገን አለኝ። ለአጋዘን አደን ከባድ ጥይት ስተኩስበት የፊት እንጨቱ ተሰነጠቀ። በሱፐር ግሉ አጣበቅኩት፤ አሥር ጥይት እንኳ ሳልተኩስ ተከፈተ። ኮላው አርጅቶ ይሆን?

ኮላው ምንም አላደረገም። የፓምፕ እንጨት በቀጭን የብረት ቱቦ ላይ የተሰካ ነው፤ ከፊት በኩል ደግሞ በዳዶ ይታሰራል። ዳዶው ትንሽ ሲላላ እንጨቱ ቱቦው ላይ ይንሸራተታል። ስትተኩስም ስትስበውም ከብረቱ ጋር ይጋጫል። እስቲ እንጨቱን ብቻ ይዘህ ወደፊትና ወደኋላ ነቅንቀው። "ቀጭ ቀጭ" ካለ በሽታው እሱ ነው። መጀመሪያ ዳዶውን በራሱ መፍቻ አጥብቅ፣ ከዚያ ስንጥቁን አጣብቅ። ቅደም ተከተሉን ከገለበጥከው በወር ውስጥ እንደገና ትጽፍልኛለህ። ሱፐር ግሉ ደግሞ ሲደርቅ እንደ ብርጭቆ ይሰባበራል። እንደ ፀጉር ለቀጠነ ስንጥቅ ካልሆነ አልጠቀምበትም።

ጥያቄ (ከቨርጂኒያ)፦ አያቴ የተዉት ቤልጅግ ሰሜን ሸዋ አባቴ ዘንድ አለ፣ ፈቃድም አለው። እንጨቱ ከካዝናው ፊት ተሰንጥቋል። የሰፈር አናጺ ሁለት ሚስማር መታበትና ቆርቆሮ አለበሰው። ይበቃዋል?

አይበቃውም። ሚስማሩ ራሱ ሌላ ስንጥቅ ነው የሚወልደው። ይህን ትንሽ ላብራራው፤ የቀሩትን ጥያቄዎች ግማሽ ይመልሳል።

ቤልጅግ የምንለው ከጣሊያን ወረራ በፊት ከቤልጅየም፣ ከኤፍ ኤን ፋብሪካ የመጣው ሞዘር ነው። ብረቱን ከእንጨቱ ለይታችሁ ብትገለብጡት ከሆዱ ሥር፣ ከበርሜሉ መነሻ አጠገብ፣ ወደ ታች የወጣች ወፍራም ጥርስ ታያላችሁ። ጠመንጃው ሲራገጥ ግፊቱን ተቀብላ ለእንጨቱ የምታስረክበው እሷ ናት። ግፊቱ ቀላል አይደለም። ቤልጅጉ የሚተኩሰው ከባዱ የ7.92 ሚሊሜትር ዓረር 12.8 ግራም ነው። አራት ኪሎ የሚጠጋውን ጠመንጃ በሴኮንድ 3 ሜትር ገደማ ወደ ኋላ ይወረውረዋል።

ጥርሷ እንጨቱን ተደግፋ ከተቀመጠች ትገፋዋለች፤ እንጨቱም ይችለዋል። በመካከላቸው የፖስታ ካርድ ውፍረት ያህል ክፍተት ካለ ግን ተንደርድራ ትመታዋለች። ያኔ መዶሻ ሆነች ማለት ነው። እንጨቱ በዘይት ሲርስ ወይም ቡሎኑ ሲላላ ክፍተቱ ይሰፋል። አንድ ቀን ቀድዶት ይወጣል።

ክፍተት መኖሩን ለማወቅ ጥርሷ ጀርባ ላይ ኩል በስሱ ቀቡ። ኩል ከሌለ የድስት ጥላሸትም ይሆናል። ብረቱን መልሱት፣ ቡሎኖቹን አጥብቁ (የፊተኛውን አስቀድሙ)፣ ከዚያ ፈትታችሁ እዩ። ኩሉ እንጨቱ ላይ በሰፊው ከታተመ ደህና ነው። ጥግ ላይ ብቻ ነጥብ ካስቀመጠ ወይም ጭራሽ ካልነካ፣ ያ ቦታ በኢፖክሲ (ሁለት ፈሳሽ ሲቀላቀል የሚጠጥር ኮላ) መሞላት አለበት።

የቆርቆሮውን ነገር ግን አልስቅበትም። ሕንድ ውስጥ ቦምብ ለመወርወር የተመደቡ ጠመንጃዎች የፊት እንጨታቸው እንዳይፈነዳ በሽቦ ይጠቀለል ነበር። ማሰር ይይዛል። ምክንያቱን ግን አያድንም፤ ከሥሩም ስንጥቁ ሲሄድ አታዩትም።

ጥያቄ፦ እሺ፣ አጣባበቁስ? ቀስ ብለው ያስረዱን።

አንደኛ ጠላት ዘይት ነው። የቆየ እንጨት የጠመንጃ ዘይት ጠጥቶ ይጠቁራል፤ ዘይት ላይ ኮላ አይዝም። ስንጥቁን በአሴቶን ደጋግሜ አጥባለሁ፣ በመሃል አደርቃለሁ። ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ አላቆምም። አሴቶን እሳት ይወዳል፤ ደጅ ሥሩ፣ ሲጋራም አይኑር።

ከዚያ ቀጭን ሽብልቅ አስገብቼ ስንጥቁን ትንሽ እከፍተዋለሁ። እስኪጮህ አልጠብቅም። ኢፖክሲው 24 ሰዓት የሚፈልገው ይሁን። ያ የ5 ደቂቃው ወደ ውስጥ ሳይገባ ይጠጥራል። እንጨቱን በፀጉር ማድረቂያ ለብ ሳደርገው ኢፖክሲው ይቀጥንና እንደ ውሃ ይሰርጋል። በሌላኛው ጎን ብቅ ሲል ሥራው ተሳካ። ሽብልቁን ነቅዬ በአሮጌ ከመነዳሪ ጠቅልዬ አስራለሁ። ሞርሳ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ጥሩ ነው፤ ክብ እንጨት ላይ ግን የጎማው ያህል እኩል አይጨምቅም።

ሲደርቅ ስንጥቁን አቋርጬ በትራፓኖ እበሳና ባለ 3 ሚሊሜትር፣ ጥርስ ያለው የነሐስ ዘንግ ከኢፖክሲ ጋር አስገባለሁ። ከውስጥ በኩል ስለሆነ ከውጭ አይታይም።

የጥርሷን ክፍተት ስትሞሉ ብረቱን በጫማ ቀለም ወይም በሰም በደንብ ቀቡት፣ ቀዳዳዎቹንም በልጆች መጫወቻ ጭቃ ድፈኑ። ይህን የረሳ ደንበኛ ነበረኝ። ብረቱና እንጨቱ አንድ ሆነው ነው ያመጣልኝ።

ጥያቄ፦ በተልባ ዘይት ነክሬ ባቆየው ራሱ አይገጥምም?

አይገጥምም። ለላይኛው ማስዋቢያ ግሩም ነው፤ ግን መጨረሻ ላይ ይቀባል።

ጥያቄ (ከአትላንታ)፦ የእንግሊዙን ሊ-ኢንፊልድ ገዝቼ ሰደፉን ለማጽዳት ስፈታ የፊት እንጨቱ ከኋላ ተሰነጠቀ። ምን አጠፋሁ?

እኔም ያጠፋሁትን ነው ያጠፋኸው። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ዓይነት (ቁጥር 1) ላይ ሰደፉን የሚይዘው ረጅም ቡሎን ጫፉ አራት ማዕዘን ነው። የፊት እንጨቱ መጨረሻ ላይ ካለች ትንሽ ብረት ውስጥ ይገባል። የፊት እንጨቱ ሳይወጣ ቡሎኑን ስታዞረው ጫፉ እንጨቱን ፈልቅቆ ይሰነጥቀዋል። የመጀመሪያዬ ላይ "ጠሽ" ሲል ሰማሁና ካቻቢቴዬን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። ሁልጊዜ የፊት እንጨቱ ይቅደም። የተሰነጠቀው ንጹሕ ከሆነ ከላይ ባልኩት መንገድ ይድናል።

ጥያቄ (የውጭ አዳኞችን የሚያጅብ፣ ከአርባ ምንጭ)፦ አንድ እንግዳ .458 የሚባለውን የትልልቅ አውሬ ጠመንጃ ይዞ መጣ፤ እንጨቱ ከቃታው ኋላ መሰንጠቅ ጀምሯል። ይተኩስበት?

አይተኩስበት። በሚቀጥለው ጥይት እጁ ላይ ሊከፈል ይችላል። ዒላማውም ይስታል፤ የቆሰለ ጎሽ ደግሞ እናንተው ናችሁ የምትከታተሉት። እንዲህ ያሉ ትልልቅ ጠመንጃዎች ግፊቱን ለመካፈል ብዙ ጊዜ ከበርሜሉ ሥር ሁለተኛ ጥርስ፣ በእንጨቱም ውስጥ የሚያቋርጥ ቡሎን አላቸው። ከቃታው ኋላ የሚጀምር ስንጥቅ አብዛኛውን ጊዜ የብረቱ ጭራ እንጨቱን ስለሚነካ ነው፤ እንደ ሽብልቅ ይገባበታል። ወደ ቤቱ ሲመለስ ከጭራው ኋላ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ያስቦርቡለት። ለአሁኑ ሌላ ጠመንጃ ይዋስ።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ የኔው ተሰባብሯል፣ የሚጠገን አይደለም። አዲስ በዋንዛ ላሠራ?

ዋንዛ ለመሥራት ደስ ይላል፣ ቀላልም ነው። ግን ፋብሪካዎቹ ከሚጠቀሙበት ዋልነት ይልቅ ለስላሳ ነው። ወይራ ጠንካራ ነው፤ ይከብዳል፣ ሲደርቅም ይሰነጠቃል። አውስትራሊያኖች ሊ-ኢንፊልድን በአገራቸው እንጨት ሲሠሩ ይሄው የዋንዛው የልስላሴ ችግር ገጥሟቸው ነበር። ብረቱ እንጨቱን በሚገፋበት ቦታ ትንንሽ የመዳብ ሳህን ገጠሙበት። አንተም ዋንዛ ከመረጥክ እንደዚያ አድርግ፦ ባለ 2 ሚሊሜትር መዳብ፣ ከሥሩ ኢፖክሲ። እንጨቱ ቢያንስ ሁለት ዓመት ጥላ ሥር የደረቀ ይሁን። የእንጨቱ መስመር ደግሞ ከበርሜሉ ጋር እኩል ይሂድ፤ አግድም ከሄደ መዳቡም አያድነውም።