«ኮዱ ከፈቀደ ሌባ የለም» ላሉህ

ጥያቄ፦ «ነዋሪነቴ ኮምቦልቻ ነው። አንድ የማውቀው ሰው ቶክን (በኢንተርኔት የሚሸጥ ዲጂታል ገንዘብ) ገዝቼ ፑል (የብዙ ሰው ቶክን የሚጠራቀምበት የጋራ ቋት) ውስጥ ባስቀምጥ በየሳምንቱ ትርፍ እንደማገኝ ነገረኝ። የራሴን 60,000 ብርና አጎቴ የሰጡኝን 120,000 ብር በባንክ አስገባሁለት። እሱ ዩኤስዲቲ (ዋጋው ከዶላር ጋር የተያያዘ ዲጂታል ገንዘብ) ላከልኝ፣ እኔም ቶክኑን ገዛሁ። ከ3 ወር በኋላ ፑሉ በአንድ ሌሊት ባዶ ሆነ። ፑሉን የሠሩት ልጆች ቴሌግራም ላይ ‹ስማርት ኮንትራቱ (ክፍያውን በራሱ የሚፈጽመው ፕሮግራም) ሒሳቡን ከመመዝገቡ በፊት ይከፍል ነበር፤ ሰውየው ኮዱ የፈቀደለትን ነው የወሰደው› ብለው ጻፉ። አጎቴ ብሬን አምጣ ይሉኛል። ክሪፕቶ ክልክል ነው ተብዬ እንዳልታሰር ፈርቼ ፖሊስ ዘንድ አልሄድኩም። ምን ይሻለኛል?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከጠፋው ብር ይልቅ ያስጨነቀኝ ፍርሃትህ ነው፤ ቀን እያስበላህ ነውና።

በመጀመሪያ ልጆቹ ያሉትን እንየው። የእቁብ ዳኛ አስብ። ባለዕጣው ይመጣል፣ ዳኛው ብሩን ቆጥሮ ይሰጠዋል። «ወስዷል» ብሎ ሊጽፍ እስክሪብቶውን ሲያነሳ ሰውየው «የኔን ስጠኝ» ብሎ ደግሞ እጁን ይዘረጋል። መዝገቡ ገና ስላልተነካ ዳኛው እንደገና ይቆጥርለታል። እንዲህ እያለ ሣጥኑ ይራቆታል። ከእቁብተኛው መሐል «ዳኛው ራሱ ሰጠው፣ ስለዚህ ሐቁ ነው» የሚል ይገኛል? በእ.ኤ.አ. ጁን 2016 ዘ ዳኦ ከተባለው ፈንድ 3.6 ሚሊዮን ኢተር (ኢተሪየም የተባለው መረብ ገንዘብ) የተወሰደው በዚሁ ዓይነት ክፍተት ነው። ያኔም «ኮዱ ሕግ ነው» ያሉ ነበሩ። አብዛኛው የኢተሪየም ተጠቃሚ ግን በማግሥቱ ወር ሰንሰለቱ (የግብይቶቹ የጋራ መዝገብ) ለሁለት እስኪከፈል ድረስ ሄዶ ገንዘቡ ለባለቤቶቹ እንዲመለስ አደረገ።

በእኛ ሕግ ጉዳዩን በስርቆት መክሰስ አከራካሪ ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 665 የሚናገረው ስለ ተንቀሳቃሽ ንብረት ስለሆነ፣ ቶክን በዚያ ውስጥ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ክርክር ወራት ይበላል። እኔ የምመርጠው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ን ነው። አንቀጽ 10 ለራስ ጥቅም ብሎ የኮምፒውተር ዳታን በመለወጥ ወይም በማጥፋት በሌላው ላይ ኢኮኖሚያዊ ጉዳት ማድረስን ወንጀል አድርጎታል። የፑሉ ቀሪ ሒሳብ ከዳታ ሌላ ምንም አይደለም። ምርመራውን ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ በጋራ ያካሂዱታል፤ የመጀመሪያ ደረጃ የዳኝነት ሥልጣኑ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው።

ስለ መታሰሩ እውነቱን ልንገርህ። ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. የአገሪቱ ሕጋዊ ገንዘብ ብር ብቻ እንደሆነ፣ በክሪፕቶ መገበያየትም ሕገ ወጥ እንደሆነ አስታውቋል። ስለዚህ ለፖሊስ ቃል ከመስጠትህ በፊት ጠበቃ አማክር፤ ከተቻለም አብራችሁ ሂዱ። ምንም ነገር ግን አትደብቅ። ብሩ በባንክ ስላለፈ ብትደብቀውም ይገኛል፣ ያኔ የተበዳይነት ቃልህ ክብደት ያጣል። ቃል የተገባልህን ትርፍ ፍርድ ቤት ያስከፍልልኛል ብለህም አትጠብቅ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1716 ሕገ ወጥ ጉዳይ ያለው ውል አይጸናም ይላል። ውሉ ሲፈርስ ግን አንቀጽ 1815 ተዋዋዮቹ በተቻለ መጠን ወደ ነበሩበት እንዲመለሱ ያዛል፤ ያንተ ጥያቄ የሰጠኸው ብር ነው።

ሌባው ያለ ስም የሚሄድ የቁጥርና የፊደል አድራሻ ነው። ብሩን የተቀበለህ ሰው ግን ስምም፣ የባንክ ሒሳብም፣ ሰፈርም አለው። ስንት ኮሚሽን እንዳገኘ፣ ከልጆቹ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ይጠየቅ። ያተርፋል ብሎ የነገረህ ውሸት መሆኑን እያወቀ ከሆነ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 የማታለል ወንጀል ይመለከተዋል። ልጆቹንም ከጥርጣሬ አላወጣቸውም። ፑሉን ያራቆተው አድራሻ የመጀመሪያዋን የጋዝ ክፍያ (ግብይት ለማስፈጸም የሚከፈለውን) ከየት እንዳገኘ ኮምፒውተር የሚችል ሰው በኢተርስካን (የኢተሪየም ግብይቶች በሚታዩበት ድረ ገጽ) ወይም ቶክኑ ባለበት ሰንሰለት መፈለጊያ ይይልህ። ብዙ ጊዜ ክሩ የሚገኘው እዚያች ትንሽ ክፍያ ላይ ነው።

ባለፈው ወር አንድ ልጅ ደሴ ቢሮዬ መጥቶ ስልኩን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረ። ማስረጃው ሁሉ ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ነበር። ስንከፍተው ግሩፑ ተሰርዟል፤ አንዲት መልእክት አልቀረችም። አንተ ግን ዛሬውኑ ንግግሩን ከነቀኑና ከነተጠቃሚ ስሙ አስቀር፣ የባንክ ደረሰኞችህን ማህተም አስመትተህ ውሰድ፣ የግብይቶቹን መለያ ቁጥርም ገልብጥ። ለኮንትራቱ ከዋሌትህ (ቶክንህን ከምትይዝበት መተግበሪያ) የሰጠኸው ፈቃድ ካለ ሰርዘው፤ ክፍት ከተተወ የቀረህንም ሊወስዱት ይችላሉ። የተወሰደው ወደ ዩኤስዲቲ ተቀይሮ ከሆነ አውጪው ድርጅት ቴተር አድራሻውን ማገድ ይችላል፤ ለዚህም የፖሊስ ደብዳቤ ትልቅ ኃይል አለው። «ገንዘብህን አስመልሳለሁ» ብሎ ቅድሚያ ክፍያ ወይም የዋሌትህን 12 የሚስጥር ቃላት የሚጠይቅ ሰው ሁለተኛው ሌባ ነው፤ እባክህ አትመልስለት። የካሣ ክሱም በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2143 መሠረት በመርሕ ደረጃ ከጉዳቱ ቀን ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት።

የአጎትህ ነገር ቀረ። ብድር ከሆነ፣ ከ500 ብር በላይ ብድር በምስክር አይረጋገጥም፤ በጽሑፍ፣ በእምነት ቃል ወይም በመሐላ ነው፤ ይህ የአንቀጽ 2472 ነገር ነው። «አብረን እናትርፍ» ብለው ሰጥተውህ ከሆነ ደግሞ ኪሳራውም የጋራ ነው ብለህ መከራከር ትችላለህ። ግን አጎትህን በማስረጃ እጦት ረትተህ ከችሎት ስትወጣ ማየት አልፈልግም። እዚያው ሽማግሌ አስቀምጡ፤ አጎትህ የሚሰሟቸው አበጋር (በወሎ ባህል የሚያስታርቁ ሽማግሌ) ካሉ እሳቸውን ለምኑ። የምትችለውን በየወሩ ለመክፈል፣ ከሰውየው የሚገኘውንም በድርሻችሁ ለመካፈል ተስማሙ። የዕርቅ ውል በአንቀጽ 3312 መሠረት በተዋዋዮቹ መካከል እንደ መጨረሻ ፍርድ ይጸናልና በቃል ብቻ አይቅር፤ ሽማግሌዎቹ ምስክር ሆነው ይፈርሙበት፣ አንዱ ቅጂ አጎትህ ዘንድ፣ አንዱ አንተ ዘንድ ይቀመጥ።