ነዳጁ ቀርቶ በባትሪ ይበር

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። እዚሁ አዳማ የቴክኒክ ተማሪ ነኝ። አጎቴ ከውጭ ሲመጣ በሪሞት የሚበር ሞዴል አውሮፕላን ሰጠኝ። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 1.6 ሜትር ነው። ሞተሩ 6.5 ሲሲ ሲሆን የሚሠራው በሜታኖል ነዳጅ ነው፤ ነዳጁን ግን ላገኘው አልቻልኩም። እናቴ ሱቅ ሚዛን ላይ ሳወጣው ያለ ነዳጅ 2.3 ኪሎ መዘነ። ወደ ኤሌክትሪክ መቀየር ይቻላል? ምን ዓይነት ሞተር ልግዛ? ባትሪውንስ አጎቴ በሻንጣው ሊያመጣው ይችላል? (ሰ.፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ይቻላል፣ የኔ ልጅ። ከመጻፍሽ በፊት መመዘንሽ በጣም ደስ ብሎኛል። ሰው ሁሉ ቶሎ የሚጠይቀው የሞተሩን ጉልበት ነው። እኔ ግን ዕድሜዬን የተቃጠለ የፓምፕ ሞተር ስጠቀልል የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ሁልጊዜ የምጀምረው ከጭነቱ ነው።

እስቲ አብረን እንደምር። የነዳጁ ሞተር ከነማርሚታው 400 ግራም ገደማ ነው። ታንከሩ፣ የነዳጅ መስጫውን የሚጎትተው ትንሽ ሞተር (ሰርቮ) እና የሪሲቨሩ፣ ማለትም የሪሞቱን ምልክት የሚቀበለው ዕቃ፣ ባትሪ ሲጨመሩ ወደ 580 ግራም ይወርድልሻል። በምትኩ የሚገባው ብረሽለስ (ካርቦን ብሩሽ የሌለው) ሞተር 250፣ የፍጥነት መቆጣጠሪያው 60፣ ባትሪው 430፣ ማሰሪያው ደግሞ 60 ግራም ገደማ ነው። ድምሩ 800 ይሆናል። ስለዚህ 220 ግራም ጨመርሽ ማለት ነው። አይክበድሽ፤ አውሮፕላኑ ድሮም ታንከሩን ሞልቶ ሲነሳ የሚሸከመው ይህንኑ ያህል ነበር። እንዲያውም ነዳጅ እየነደደ ሲሄድ አፍንጫው ይቀልላል፣ ሚዛኑም ይቀየራል። ባትሪ ግን ከመነሻ እስከ ማረፊያ ክብደቱ ያው ነው።

እንግዲህ 2.5 ኪሎ ያዢ። ለመለማመጃ አውሮፕላን በኪሎ 200 ዋት ቢኖር በቂ ነው፤ 500 ዋት መጣ። የአዳማን ነፋስ ግን አውቀዋለሁ። 51 እና 153 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያላቸው ሁለቱ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች እዚህ የተተከሉት በከንቱ አይደለም። 600 ዋት ቢሆንልሽ እመርጣለሁ።

ሌላም ነገር አለ። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር ይበልጣል። አየሩ ከባሕር ዳርቻው 15 በመቶ ያህል የሳሳ ነው። የነዳጅ ሞተር በዚህ ከፍታ ኦክስጅን ያንሰዋል፤ ጉልበቱም ይቀንሳል። የኤሌክትሪኩ ሞተር አየር አይተነፍስም። የሚለወጠው ፕሮፔለሩ ነው፤ በሳሳ አየር ውስጥ ሲዞር ስለሚቀለው ሞተሩ የሚስበው አምፔር ያንሳል። ስለዚህ በአዲሱ ሞተር ሳጥን ላይ ለፕሮፔለሩ 12 በ6 ተብሎ ከተጻፈ (የመጀመሪያው ከጫፍ እስከ ጫፍ ርዝመቱ፣ ሁለተኛው በአንድ ዙር ወደፊት የሚሄድበት ልክ ነው፤ ሁለቱም በኢንች) 13 በ6 ልትሞክሪ ትችያለሽ። ብቻ ጫፉ መሬት እንዳይነካ ለኪው።

ለሞተሩ በአንድ ቮልት በደቂቃ 800 ዙር የሚል፣ አራት ሴል (አራት ክፍል) ያለው የሊቲየም ፖሊመር (ሊፖ) ባትሪ የሚችል ፈልጊ። መቆጣጠሪያው 60 አምፔር ይሁን። ባትሪው 14.8 ቮልት፣ 4,000 ሚሊአምፔር ሰዓት። ሁልጊዜ በሙሉ ጉልበት ካላበረርሽው 7 ወይም 8 ደቂቃ ያቆይሻል።

አሁን ዋናው ሥራ መጣ፤ የባትሪው ቦታ። ሞተሩን ማሰር የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ባትሪው የት እንደሚተኛ ሳትወስኚ ግን አንድም ቀዳዳ እንዳትበሺ። ሁሉንም ዕቃ በፕላስተር ለጊዜው ለጥፊው። ክንፉን ግጠሚና ከፊት ጠርዙ ወደ ኋላ ከስፋቱ ከ25 እስከ 30 በመቶ ላይ ግራና ቀኝ በጣትሽ አንሺው። ስፋቱ 28 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ከ7 እስከ 8.4 ሳንቲ ሜትር ላይ ማለት ነው። ቀጥ ብሎ ወይም አፍንጫውን ትንሽ ደፍቶ ሊቆም ይገባል። ጭራው ከወረደ ባትሪውን ወደፊት ግፊ። ለሚዛን ብለሽ እርሳስ አትጨምሪ፤ ባትሪውን የመሰለ ሚዛን በእጅሽ አለ። ቦታው ሲገኝ ምልክት አድርጊና ከላይ በኩል መክደኛ ቁረጪለት። ክንፍ እየፈታሽ ባትሪ መቀየር ያሰለቻል። ለማቀዝቀዣ አየርም ከፊት መግቢያ፣ ከኋላ ከመግቢያው የሚሰፋ መውጫ ክፈቺ፤ ካልወጣ አይገባም።

ሞተሩ የሚታሰርበትን የፊተኛውን ፕላይውድ በጥፍርሽ ጫር አድርጊው። የሚያጣብቅ ቡናማ ነገር ከወጣ የነዳጁ ዘይት ነው፤ ብዙ ጊዜ የጉሎ ዘይት ይቀላቀልበታል። ኢፖክሲ ሙጫ እዚያ ላይ አይዝም። በአሴቶን ጥረጊው፣ ታልክ ፓውደር ነስንሺበትና ይደር። ጠዋት ዱቄቱ ቢጫ ሆኖ ታገኚዋለሽ። ነጭ ሆኖ እስኪያድር ድገሚው። እዚህ ላይ አትቸኩይ፤ ሞተሩ ከነፕሮፔለሩ የሚንጠለጠለው በዚያች ጣውላ ነው።

ሽቦው ቀላል ነው። ሞተሩ እንደ ሦስት ፌዝ ፓምፕ ሦስት ሽቦ አለው፤ ወደ ኋላ ከዞረ ሁለቱን አቀያይሪ። ብዙዎቹ መቆጣጠሪያዎች ለሪሲቨሩ 5 ቮልት ስለሚሰጡ የድሮውን ትንሽ ባትሪ አውጪው። አደራ የምልሽ ግን ቤት ውስጥ ስትሞክሪ ፕሮፔለሩን እንድታወልቂ ነው። የነዳጁ ሞተር ካላስነሱት አይነሳም። ይሄኛው ባትሪ ከነካ ጀምሮ ዝግጁ ነው፤ ጣት ይቆርጣል።

ስለ ሻንጣው፦ 14.8 በ4 ሲባዛ 59 ዋት ሰዓት ነው። የአየር መንገዶች የተለመደው ገደብ 100 ስለሆነ ያልፋል። በእጅ ሻንጣ ይያዘው፤ ለጭነት በሚሰጠው ሻንጣ አይሆንም። ጫፎቹንም በፕላስተር ይሸፍናቸው።

ቻርጅ ስታደርጊ አጠገቡ ሁኚ። አንድ ሴል ከ4.2 ቮልት አይለፍ። ሳትጠቀሚበት የሚቆይ ከሆነ 3.8 ላይ ተዪው። መብራት ሄድ መጣ ሲል ከሚያስቸግርሽ 12 ቮልት የሚቀበል ቻርጀር ግዢና ከመኪና ባትሪ ሙዪ።

ሜዳ ከመውጣትሽ በፊት የሚመለከተውን አካል ፈቃድ ጠይቂ። አጎትሽ ዋትሜትርም ይጨምርልሽ። ፕሮፔለሩ በሚገጠምበት ቀን አውሮፕላኑን ከጠንካራ ጠረጴዛ ጋር እሰሪ፣ ከኋላው ቁሚና ሙሉ ጉልበት ስጪው። ከ50 አምፔር ካለፈ ፕሮፔለሩን በአንድ ኢንች አሳንሺ። ያገኘሽውን ቮልትና አምፔር ጽፈሽ ላኪልኝ፤ በሚቀጥለው እትም አብረን እናየዋለን።