ወደ ወንዝ ዓሣ ከመልቀቃችሁ በፊት

በወባ መከላከልና በውሃ ሀብት ሙያ ለተሰማራችሁ ወጣቶች፤

የትንኝ እጭ የሚበላ ዓሣ ከውጭ አስመጥተን በየወንዙና በየኩሬው ለምን አንለቅም የሚል ሐሳብ ከእናንተ ደጋግሞ ይቀርብልኛል። ሐሳቡ የሚናቅ አይደለም፤ ሆኖም ጋምቡዚያ በተባለች ትንሽ ዓሣ ከመቶ ዓመት በላይ ተሞክሯልና ውጤቱን ሳትመረምሩ ባትጀምሩት እመርጣለሁ።

ጋምቡዚያ የዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ግዛቶች ዓሣ ናት፤ በሚሲሲፒ ተፋሰስና ወደ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ በሚገቡ፣ ቀስ ብለው በሚፈሱ ሣራማ ውሃዎች ትኖራለች። ሴቷ እስከ ሰባት ሴንቲ ሜትር ብታድግ ነው፤ ወንዱ ከዚያም ያንሳል። አፏ ወደ ላይ የዞረ በመሆኑ ከውሃው ገጽ እጭ ለመልቀም ይመቻታል፤ ሙቀትንና የኦክስጅን እጥረትን ትችላለች፤ እንቁላል በመጣል ፈንታ ጫጩቶቿን ስለምትወልድም፣ ያረገዘች አንዲት ዓሣ ብቻዋን አዲስ ውሃ ልትሞላ ትችላለች። እ.ኤ.አ. በ1905 ወደ ሃዋይ፣ በ1920ዎቹ ደግሞ ወደ ስፔን፣ ጣሊያንና አውስትራሊያ የተወሰደችው በዚህ ምክንያት ነው።

ለወባ ባለሙያው ያስወደዳት ጠባይ ሁሉ ግን ለወንዙ መከራ ሆነ። የሌሎችን ዓሦች እንቁላልና ጫጩት፣ የእንቁራሪት እጭም ትበላለች፤ ትልልቆቹን ክንፋቸውን እየነከሰች ታቆስላለች። በአውስትራሊያ ኩዊንስላንድ በጥቂት ምንጮች ብቻ የሚኖር ቀይ ክንፍ ያለው ትንሽ ዓሣ ለመጥፋት የተቃረበው በአብዛኛው በእርሷ ምክንያት ነው። ዛሬ ከዓለም መቶ አስከፊ ወራሪ ዝርያዎች አንዷ ተብላ ተመዝግባለች። ከተስፋፋችበት ሰፊ ወንዝ መልቅሞ ማውጣት ከሞላ ጎደል አይቻልም፤ መድኃኒት ይረጭ ቢባል አብሯት ያለውን ሁሉ ይገድላል።

በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመ አንድ ጥናት በአሰብ ከተማ የአካባቢው ተወላጅ የሆነው አፋኒየስ ዲስፓር የተባለ ዓሣ በጉድጓዶችና በውሃ ማከማቻዎች የነበረውን እጭ በእጅጉ መቀነሱን አሳይቷል። ይህ ሥራ ከሚገባው በታች መነበቡ ሁልጊዜ ይቆጨኛል፤ ከውጭ የመጣውን ማድነቅ ይቀናናልና።

እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪደሃር የተገኘችው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለች የወባ ትንኝ በበርሜልና በገንዳ ስለምትራባ ጥያቄው ዳግም ይነሣባችኋል። ያን ጊዜ አስቀድማችሁ የአካባቢውን ዓሦች መዝግቡ፤ ክዳን ሊደረግለት የሚችለውን ዕቃ ክደኑት። ዓሣ የግድ ካስፈለገ ከዚያው ተፋሰስ የተገኘውን ምረጡ፤ የምትለቁበትም ገንዳ በዝናብ ጊዜ ሞልቶ ወደ ወንዝ እንደማይፈስ በክረምት ሄዳችሁ አረጋግጡ።