ፊደላቱ የደበዘዙት በኬብሉ ነው?

ሞኒተርዎን ከኮምፒውተሩ ለማራቅ 10 ሜትር ኬብል ካስገቡ በኋላ ፊደላቱ እንደደበዘዙ ነግረውናል፤ በወርቅ የተለበጠ ውድ ኬብል መግዛት ይሻል እንደሆነም ጠይቀዋል። ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት የኬብሉን ጫፍ ይመልከቱ።

በሦስት ረድፍ የተደረደሩ 15 ቀዳዳዎች ወይም እግሮች ካሉት ቪጂኤ ነው፤ በ1987 የወጣ የአናሎግ መስመር። እንደዚያ ከሆነ ጥርጣሬዎ ትክክል ነው። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ሽቦ የሚጓዙት ከፍና ዝቅ በሚል ቮልቴጅ ነው። ሽቦው በረዘመ ቁጥር ፈጣኑ ለውጥ ይዳከማል፤ ከነጭ ወደ ጥቁር በአንድ ነጥብ መዝለል የነበረበት ቮልቴጅ እየተንሸራተተ ይደርስና የፊደሉ ቋሚ መስመር ወደ ጎን ይቀባል። ሽቦው ሊኖረው የሚገባውን 75 ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም ልክ) ካልጠበቀ ደግሞ ሲግናሉ ነጥሮ ይመለሳል፣ ከፊደሉ አጠገብ ጥላ ይወጣል። እኔ ሁለት ቀጫጭን ኬብሎችን በመቀጠያ አያይዤ ይህንን ጥላ ለቀናት በብርሃን ማስተካከያ ለማጥፋት ታግያለሁ፤ እስካሁን ያሳፍረኛል። ሦስቱ የቀለም ሽቦዎች ለየብቻ የተሸፈኑበት አንድ ወፍራም ኬብል ስተካ ጥላው ጠፋ። የቀረችውን ጥቂት ብዥታ ያጠራት ምስሉን ራሱ የሚያስተካክለው የሞኒተሩ «አውቶ» ቁልፍ ነበር።

ኬብሉ ኤችዲኤምአይ ወይም ዲስፕሌይፖርት የሚባለው ዲጂታል መስመር ከሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል። የሚጓዘው ዜሮና አንድ ስለሆነ ደካማ ኬብል ምስሉን አያደበዝዝም፤ ብልጭ ብልጭ የሚሉ ነጠብጣቦች ያሳያል፣ ስክሪኑን ለሰከንዶች ያጠቁራል፣ ወይም ጭራሽ ምስል ይከለክላል። ርዝመቱ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። የእኔ 10 ሜትር ኤችዲኤምአይ በ1920 በ1080 ነጥቦች ለወራት ያለ እንከን ሠርቶ፣ በ3840 በ2160 እና በ60 ኸርትዝ (ምስሉ በሰከንድ 60 ጊዜ ሲታደስ) ሳስሞክረው በየጥቂት ደቂቃው ይጠቁር ጀመር። ለዚያ ርቀት ሲግናሉን በብርሃን የሚያጓጉዝ የፋይበር ኦፕቲክ ኬብል ገላገለኝ። (አቅጣጫ አለው፤ ገልብጬ ሰክቼው ተበላሽቷል ብዬ ልመልሰው ነበር።) ወርቁ የመሰኪያውን ጫፍ ከዝገት ይጠብቃል እንጂ ምስል አያጠራም።

ታዲያ በዲጂታል ኬብል ለምን ይደበዝዛል? ብዙ ጊዜ ኮምፒውተሩ ከሞኒተሩ የተፈጥሮ ሪዞሉሽን (ስክሪኑ ከተሠራበት የነጥብ ብዛት) ውጪ እየላከ ነው። ስክሪኑ ቴሌቪዥን ከሆነ ምስሉን ትንሽ አጉልቶ ጠርዙን ሊቆርጥ ይችላል፤ ያንን ቅንብር ያጥፉት። ጥቁሩ ጽሑፍ ጠርቶ ቀዩ ጽሑፍ ብቻ ከተንዘራዘረ የቀለሙ መረጃ ተቀንሶ እየተላከ ነውና ከግራፊክስ ካርዱ ማስተካከያ የቀለሙ መረጃ ሳይቀነስ የሚላክበትን አርጂቢ ወይም 4:4:4 ይምረጡ። ኬብሉ በተዘዋዋሪ የሚጠየቀው እዚህ ብቻ ነው፦ መስመሩ የሚፈለገውን ፍጥነት መሸከም ሲያቅተው አንዳንድ መሣሪያ ራሱ ሪዞሉሽኑን ወይም ቀለሙን ይቀንሳል።

ለማረጋገጥ ቅንብሩን ምንም ሳይነኩ ሞኒተሩን አቅርበው በ2 ሜትር ኬብል ያገናኙት። ብዥታው ካልለቀቀ ረጅሙ ኬብል ንጹሕ ነው፤ ፍለጋው ወደ ቅንብሩ ይዙር።