ባቄላው ቢጫ ሆነ፤ ዩሪያ ልጨምርበት?

ጥያቄ፦ ባቄላ ከዘራሁ ስድስት ሳምንት ሆኖኛል። የታችኞቹ ቅጠሎች እየገረጡ ወደ ቢጫ ሄደዋል፤ ቁመቱም አላደገም። ሁለት ሦስት ተክል ነቅዬ ሳይ ስሩ ላይ ያሉት እባጮች ጥቂትና ውስጣቸው ነጭ ነው። ማሳው ለብዙ ዓመት የብርዕ እህል ብቻ ሲዘራበት፣ በየዓመቱም ዩሪያ ሲገባበት የኖረ ነው። ዘንድሮም ዩሪያ ልጨምር ወይስ ሌላ መላ አለው?

መልስ፦ ስሩን ገልጠው ማየትዎ ጥሩ ነው። ብዙው ሰው ቅጠሉን ብቻ አይቶ ነው ወደ ማዳበሪያው ጆንያ የሚሄደው። ዩሪያ የዘንድሮውን ሰብል ሊያሻግርልዎ ይችል ይሆናል። ችግሩ ግን እባጮቹ ናይትሮጅንን ከአየር የመያዝ ሥራቸውን አለመጀመራቸው ላይ ነው፤ ዩሪያ ደግሞ እነሱን ይበልጥ ያሰንፋቸዋል።

ከሁሉ በፊት ስሩን እንደገና ይመልከቱልኝ፤ በዚህኛው ግን አይንቀሉ። ተክል ሲነቀል እባጮቹ ተበጥሰው አፈር ውስጥ ይቀራሉ፤ ያኔ ያለውን የለም ብለን እንፈርዳለን። ከማሳው የተለያየ ቦታ 10 ተክል ይምረጡና ዙሪያውን እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ቆፍረው ከነአፈሩ ያውጡ። ውሃ ውስጥ ነክረው ቀስ ብለው ይጠቡ፤ ከዚያ እባጮቹን በጥፍር ወይም በምላጭ ለሁለት ይክፈሉ። ውስጡ ሮዝ ወይም ደም መሳይ ቀይ ከሆነ እየሠራ ነው። ነጭ ከሆነ ገና ጨቅላ ነው፣ ወይም ደግሞ የማይሠራ ባክቴሪያ የሰፈረበት ነው፤ በስድስት ሳምንት ግን ጨቅላ ነው ማለት ያስቸግራል። አረንጓዴ ወይም ቡናማ ከሆነ ሥራውን ጨርሶ ያረጀ ነው።

ቀይ ቀለሙ ከየት መጣ ቢሉ፣ ደማችንን ከሚያቀላው ጋር የሚዛመድ ብረት ያዘለ ፕሮቲን እባጩ ውስጥ ስላለ ነው። እዚያ የሚኖሩት ራይዞቢየም የሚባሉት ባክቴሪያዎች ናይትሮጅንን ከአየር የሚይዙበት ኢንዛይም ኦክስጅን ከነካው ይበላሻል። ባክቴሪያው ራሱ ግን ለመተንፈስ ኦክስጅን ያሻዋል። ቀዩ ፕሮቲን በመሃል ሆኖ ኦክስጅኑን እየቆጠበ ያቀብላል። ስለዚህ ቀይ የሌለበት እባጭ ናይትሮጅን አያመርትም፤ ይልቁንም ከተክሉ ስኳር እየወሰደ የሚኖር ጥገኛ ነው።

ከአየሩ 78 በመቶው ናይትሮጅን ቢሆንም ሁለቱ አቶሞች በሦስት እጥፍ ትስስር ስለተያያዙ ተክል እንዲሁ ሊጠቀምበት አይችልም። የማዳበሪያ ፋብሪካ ይህን ትስስር ለመፍታት ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀትና ከአየር ግፊት መቶ እጥፍ በላይ የሆነ ግፊት ይፈልጋል፤ ሃይድሮጅኑንም በብዛት የሚያገኘው ከተፈጥሮ ጋዝ ነው። ባክቴሪያው ያንኑ ሥራ በአፈር ሙቀት፣ ከቅጠሉ በሚወርድለት ስኳር ኃይል ይሠራዋል። ተክሉ ለዚህ የሚከፍለው ስኳር ቀላል አይደለም። አፈሩ ውስጥ ናይትሬት የሚባል የተዘጋጀ ናይትሮጅን ካገኘ ስኳሩን ለባክቴሪያው መስጠቱን ይተዋል፤ ዩሪያም አፈር ውስጥ ወደ ናይትሬት ይለወጣል። ዩሪያ እባጮቹን ያሰንፋል ያልኩት ለዚህ ነው።

አሁን ወደ እርስዎ ማሳ። ቢጫነት ሁሉ የናይትሮጅን እጥረት አይደለም። ከታች ካረጁት ቅጠሎች ተነስቶ ወደ ላይ የሚሄድ ከሆነ ናይትሮጅን መሆኑ ያመዝናል። የላይኞቹ ለጋ ቅጠሎች ወጥ ሆነው ከገረጡ ድኝ ይጠረጠራል፤ ደም ሥሮቻቸው አረንጓዴ ሆነው መካከሉ ብቻ ከገረጣ ብረት ነው። ቢጫነቱ ረባዳው ቦታ ላይ ብቻ ከሆነና ስሩ ከጠቆረ ውሃ ተኝቶበታል፤ ያኔ ማጠንፈፊያ ቦይ እንጂ ማዳበሪያ መፍትሔ አይሆንም።

መገመት ካልፈለጉ ማሳውን ይጠይቁት። 5 ሜትር በ2 ሜትር የሆነ ቦታ ለክተው 100 ግራም ዩሪያ እርጥብ አፈር ላይ፣ ቅጠሉን ሳይነካ፣ በመስመሮቹ መካከል ይበትኑና በቀላሉ ይኮትኩቱት። ይህ በሄክታር 100 ኪሎ ማለት ነው። ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ያ ቦታ ከጎረቤቱ ተለይቶ ከለመለመ የጎደለው ናይትሮጅን ነው። ካልለመለመ ሙሉ ማሳውን ዩሪያ ቢያለብሱት ገንዘብዎን መበተን ነው። ከለመለመና ሰብሉ ገና አበባ ካልጀመረ፣ እባጩም በእርግጥ የማይሠራ ከሆነ፣ ያንኑ 100 ኪሎ በሁለት ጊዜ ከፍለው መስጠት ይችላሉ። ባክቴሪያ በውሃ በጥብጦ አሁን መርጨት ግን አልመክርም፤ ጊዜው ዘግይቷል።

ዋናው ሥራ ለሚቀጥለው ወቅት ነው። ከነገሩኝ ተነስቼ ሁለት ነገር እጠረጥራለሁ፤ ለባቄላ የሚስማማው ባክቴሪያ አፈሩ ውስጥ አነስተኛ መሆኑንና አፈሩ አሲዳማ መሆኑን። የባቄላ ባክቴሪያ አተርንና ምስርን ያገለግላል፤ የሽምብራና የአኩሪ አተር ግን ሌላ ሌላ ነው። ለዘመናት ብርዕ ብቻ በተዘራበት መሬት ቁጥሩ መሳሳቱ አይገርምም። አሲዱን በተመለከተ ደግሞ የዩሪያው ታሪክ ራሱ ምስክር ነው። ከዩሪያ የሚወጣው አሞኒየም በአፈር ባክቴሪያ ወደ ናይትሬት ሲለወጥ ሃይድሮጅን አዮን ይለቃል፤ አሲድ የምንለው እሱን ነው። ናይትሬቱን ዝናብ አጥቦ ሲወስደው ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙንም ይዞ ይሄዳል፤ አሲዱ ይቀራል። ፒኤች (የአሲድ መለኪያው፤ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ከ5.5 ሲወርድ አልሙኒየም መሟሟት ይጀምራል። የስሩን ጫፍ ያደነዝዛል፤ ፎስፎረስንም ይቆልፋል። የናይትሮጅኑ ኢንዛይም የሚያስፈልገው ሞሊብዲነምም በአሲዳማ አፈር ውስጥ ይታሰራል። ባክቴሪያ ብቻ ገዝቶ እዚህ አፈር ላይ ማፍሰስ ከንቱ ነው።

ስለዚህ አፈሩን ያስመርምሩ። በማሳው ላይ እየተጠማዘዙ ከ15 ቦታ እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ድረስ ይውሰዱ፤ በንጹህ ባልዲ ያደባልቁና ግማሽ ኪሎ ያህሉን ለላቦራቶሪ ይስጡ። ባልዲው ማዳበሪያ የተያዘበት እንዳይሆን። ፒኤች ብቻ ሳይሆን ተለዋዋጭ አሲድነትም እንዲለካ ይጠይቁ፤ አሲዱን የሚያጠፋው የኖራ መጠን የሚወጣው ከእሱ ነው። ስሌቱ ይህን ይመስላል፦ 1 ሄክታር እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት 1,800,000 ኪሎ ያህል አፈር አለው። ላቦራቶሪው አሲዱን የሚሰጥዎ በሴንቲሞል በኪሎ ነው፤ ለእያንዳንዱ 1 ሴንቲሞል 900 ኪሎ ንጹህ ካልሲየም ካርቦኔት፣ ማለትም ንጹህ ኖራ፣ ያስፈልጋል። ማሳ ላይ ድብልቁ እንደ ላቦራቶሪ ፍጹም ስለማይሆን በ1.5 ይባዛል። ውጤትዎ 2 ቢመጣ 2,700 ኪሎ፣ ማለትም 27 ኩንታል በሄክታር ይሆናል። ብዙ ከመሰለዎ 10 ሜትር በ10 ሜትር ቦታ ላይ በ27 ኪሎ ይጀምሩ።

ኖራው እንደ ዱቄት የደቀቀ ይሁን። ሻካራው ለዓመታት ጠጠር ሆኖ ይቀመጣል። ከመዝራትዎ ከአንድ እስከ ሁለት ወር ቀደም ብለው ነፋስ በሌለበት ቀን እኩል ይበትኑና በእርሻ ከአፈሩ ጋር ያዋህዱት፤ ላዩ ላይ የተተወ ኖራ ወደ ታች ለመውረድ ረጅም ጊዜ ይወስድበታል። ደረቅ አፈር ውስጥም ሥራ አይጀምርም። ጂፕሰም ካልሲየም ስላለው እንደ ኖራ የሚሸጥበት ጊዜ አለ፤ አሲዱን ግን አያጠፋም። ኖራንና ዩሪያን ባንድ ላይ መበተን ናይትሮጅኑን አሞኒያ ጋዝ አድርጎ ማብነን ነው። ፒኤቹ 6 አካባቢ ከደረሰ ይበቃል፤ ከ7 ካለፈ ዚንክና ብረት ይታሰራሉ።

ፎስፎረስም አይዘንጉ፤ ባክቴሪያው ለሥራው የሚያቃጥለው ኃይል የሚጓጓዘው ፎስፎረስ ባለበት ሞለኪውል ነው። 100 ኪሎ ትሪፕል ሱፐር ፎስፌት የሚባለው ማዳበሪያ 20 ኪሎ ያህል ፎስፎረስ ይሰጣል፣ ናይትሮጅን የለውም። ልኩን ግን የአፈር ምርመራው ይወስን።

በመዝሪያው ቀን የባቄላ ሕያው ማዳበሪያ፣ ማለትም ለባቄላ የሚስማማውን ባክቴሪያ የያዘ ጥቁር ዱቄት፣ ያዘጋጁ። መጀመሪያ የእሽጉን የሰብል ስምና የአገልግሎት ማብቂያ ቀን ይመልከቱ። ፀሐይ ላይ ወይም ትኩስ መኪና ውስጥ የሰነበተ ከሆነ የገዙት የሞተ ነገር ነው። 100 ግራም ስኳር በ1 ሊትር ንጹህ ውሃ ይበጥብጡ፤ ክሎሪን ያለበት ውሃ ባክቴሪያውን ይገድላል። ዘሩን በጥላ ሥር፣ ገጹ እስኪረጥብ ብቻ ያርከፍክፉት። ከዚያ በእሽጉ የተጻፈውን መጠን፣ ብዙ ጊዜ ለ1 ኪሎ ዘር 5 ግራም ያህል፣ ነስንሰው እያንዳንዱ ፍሬ ጥቁሩን ዱቄት እስኪለብስ ያገላብጡ። የዘሩ ቅርፊት እንዳይላጥ እጅዎ ይለስልስ። በዚያው ዕለት ይዝሩ፤ መስመር ውስጥ ያረፈውን ዘር ወዲያው አፈር ያልብሱት። የፎስፎረሱን ማዳበሪያ ግን ከዘሩ ጋር አይቀላቅሉ፤ ጨውነቱ ባክቴሪያውን ያደርቃል። ከዘሩ በታች ወይም በጎን 5 ሴንቲ ሜትር ያርቁት። በፈንገስ መድኃኒት የታሸ ዘርም አይሆንም።

አንድ ነገር ልጨምር። ባቄላ ዘራሁ ማለት ብቻውን አፈር አዳበርኩ ማለት አይደለም። የተያዘው ናይትሮጅን አብዛኛው ወደ ፍሬው ይገባል። ፍሬውን ሸጠው፣ ገለባውንም አግዘው ከወሰዱ ለመሬቱ የሚቀረው ስሩና የረገፈው ቅጠል ነው፤ ሂሳቡ ዜሮ ሊሆን ወይም ሊጎድል ይችላል። ገለባው ለከብት የሚሄድ ከሆነ ፍጉ ኮምፖስት ሆኖ ወደዚያው ማሳ ይመለስ።

ሲዘሩ ሁለት መስመር ሕያው ማዳበሪያ ሳይነካቸው ይተዉ፤ እነሱንም ቀድመው ይዝሩ፣ ከሌላው በኋላ ከዘሩ እጅዎና መዝሪያው ባክቴሪያውን ያደርሱላቸዋል። አበባ ሲጀምር ከሁለቱም ወገን አምስት አምስት ተክል ቆፍረው እባጮቹን ይሰንጥቁ። ባልታከሙት መስመሮችም ቀይ እባጭ በብዛት ካገኙ ባክቴሪያው አፈርዎ ውስጥ አለ፤ ለከርሞው የእሽጉን ወጪ ሊተዉት ይችላሉ።