ፓኬጅ ማኔጀሩ ራሱ ክፍተት ሲገኝበት፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና ምላሾቻቸው

ከአንባቢያን ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ለዚህ ዕትም የመረጥናቸው ሁሉ በአንድ ጉዳይ ላይ ያተኩራሉ። ፕሮግራሞችን ከነጥገኛ ፓኬጆቻቸው አውርደው የሚጭኑልን መሣሪያዎች (ፓኬጅ ማኔጀሮች) ራሳቸው የደኅንነት ክፍተት ሲገኝባቸው ምን ይደረጋል የሚል ነው።

ጥያቄ፦ ሰርቨሮችን የማስተዳድር ባለሙያ ነኝ። የፓኬጆችን ተጋላጭነት የሚመለከቱ ማስጠንቀቂያዎችን በየጊዜው እከታተላለሁ፤ መፍትሔው ሁልጊዜ «አዘምኑ» የሚል ነው። ነገር ግን ክፍተቱ ያለው በማዘመኛው መሣሪያ ላይ ከሆነ፣ መጠገኛውን በዚያው መሣሪያ ማውረድ እንዴት ያስተማምናል?

መልስ፦ ስጋትዎ ተገቢ ነው፤ በተግባርም ደርሷል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2019 ደቢያንና ኡቡንቱ የተባሉት የሊኑክስ ሲስተሞች የሚጠቀሙበት አፕት የተሰኘው ፓኬጅ ማኔጀር፣ ሲቪኢ-2019-3462 የሚል መለያ የተሰጠው ክፍተት እንዳለበት ይፋ ሆነ። የክፍተቱን አሠራር ጠለቅ ብለን እንመልከተው፤ መፍትሔው የሚገኘው ከዚያው ነውና። አፕት ውስጥ ፋይል የሚያወርደው ዋናው ፕሮግራም ሳይሆን ለዚሁ ሥራ የሚያስነሣው ረዳት ፕሮግራም ነው። ረዳቱ ለዋናው የሚያቀርበው ሪፖርት መስመር በመስመር የተጻፈ ተራ ጽሑፍ ሲሆን፣ ፋይሉ መውረዱን ከነሃሹ (ማለትም ከይዘቱ ተሰልቶ ከሚገኘው መለያው ጋር) ያሳውቃል። ሰርቨሩ «የምትፈልገው ፋይል ሌላ አድራሻ ላይ ነው» ብሎ ሲያዞረው ደግሞ ረዳቱ አዲሱን አድራሻ ፈትቶ ለዋናው ያስተላልፋል። በኔትወርኩ መካከል የተቀመጠ አጥቂ በዚያ አድራሻ ውስጥ የአዲስ መስመር ምልክትን በኮድ መልክ ሸሽጎ ቢልክ፣ አድራሻው ሲፈታ መስመሩ ይሰበርና ከምልክቱ በኋላ ያለው ጽሑፍ ራሱን የቻለ ሪፖርት ሆኖ ይነበባል። ሐሰተኛው ሪፖርት «ፋይሉ ወርዷል፤ ሃሹም የምትጠብቀው ነው» ይላል። ዋናው ፕሮግራም ሃሹን ራሱ ስለማያሰላ አምኖ ይቀበላል፤ የአጥቂውንም ፓኬጅ በሩት፣ ማለትም በሲስተሙ ሙሉ ሥልጣን ይጭናል።

ልብ ይበሉ፤ የፓኬጆቹ ዝርዝር ዲጂታል ፊርማ ነበረው፤ ፊርማውንም ማንም አልሰበረውም። የተጭበረበረው በፈራሚውና በጫኚው መካከል የቆመው መልእክተኛ ነው። «ፓኬጆቻችን የተፈረሙ ስለሆኑ አያሰጋንም» የሚሉ ባልደረቦች ካሉዎት ይህን አንድ ታሪክ ቢያስነብቧቸው ይበቃል።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ልመለስ። ደቢያን ማስተካከያውን ሲያወጣ ተጠቃሚዎች ለዚያ ማዘመን ብቻ ወደ ሌላ አድራሻ መዞርን የሚከለክለውን አማራጭ ተጠቅመው እንዲያወርዱ መከረ። ጥቃቱ የሚያልፈው በዚያ መንገድ ብቻ ስለነበር፣ መንገዱ ከተዘጋ አሮጌው አፕት መጠገኛውን ያለ ስጋት ሊያመጣ ይችላል ማለት ነው። ይህ የማይሠራላቸው ደግሞ ፋይሉን ራሳቸው አውርደው ሃሹን በማስታወቂያው ላይ ከታተመው ጋር እንዲያመሳክሩ ተነገራቸው። እርስዎም በማንኛውም መሣሪያ ላይ እንዲህ ያለ ማስጠንቀቂያ ሲወጣ ይህንኑ ቅደም ተከተል ይከተሉ። ክፍተቱ የሚነካው የትኛውን አሠራር እንደሆነ ከማስታወቂያው ያንብቡ፤ ያንን አሠራር ማጥፋት የሚቻል ከሆነ አጥፍተው ያዘምኑ፤ የማይቻል ከሆነ መጠገኛውን በሌላ መንገድ ያምጡና ሃሹን ከሌላ ምንጭ ባገኙት ያረጋግጡ። ብዙዎች የሚዘነጉትን አንድ ነገር ልጨምር። የኮንቴይነር ኢሜጆች (ፕሮግራምን ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር አሽገው የሚይዙ ፋይሎች) አሮጌውን መሣሪያ በውስጣቸው ይዘው ይቆያሉ፤ በአዲስ መልክ ሲገነቡም መጀመሪያ የሚሠራው ያው አሮጌ መሣሪያ ነው። ሰርቨሮቹ ቢዘምኑም መነሻ ኢሜጆቹ ካልተለወጡ ጥገናው አላለቀም።

ጥያቄ፦ በመሥሪያ ቤታችን ለውስጥ አገልግሎት የሚውል አነስተኛ የፓኬጅ መጫኛ ጽፌያለሁ። አንድ ባልደረባዬ የታሸገው ፋይል ሲፈታ ከተመደበለት ፎልደር ውጭ ሊጽፍ እንደሚችል አሳየኝ። በፋይል ስሞች ውስጥ ሁለት ተከታታይ ነጥቦች (ወደ ላይኛው ፎልደር የሚመልሱት) ካሉ የሚከለክል ማጣሪያ አስገባሁ። ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። ለምን እንደማይበቃ በዝርዝር ማስረዳት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ታዋቂ መሣሪያዎችን የሚጽፉ ጎበዝ ባለሙያዎች ሳይቀሩ በዚሁ ቦታ ደጋግመው ወድቀዋል።

የጃቫስክሪፕት ፓኬጅ ማኔጀር የሆነው ኤንፒኤም የታሸጉ ፓኬጆችን ለመፍታት የሚጠቀምበት ታር የተሰኘ ላይብረሪ እ.ኤ.አ. በ2021 ያጋጠመውን ይመልከቱ። ላይብረሪው ከሩት (እዚህ ላይ የፎልደሮች ሁሉ መነሻ ከሆነው ቦታ) የሚጀምር አድራሻ ሲያጋጥመው የመጀመሪያውን ስላሽ ቆርጦ ይጥል ነበር። አጥቂው ግን በአንድ ስላሽ ፋንታ አራት ቢደረድር፣ አንዱ ተቆርጦ ሦስቱ ይቀራሉ፤ አድራሻውም አሁንም ከሩት የሚጀምር ነው። በዚያው ጊዜ ሌላ ክፍተትም ተገኘ። ላይብረሪው ለፍጥነት ሲል የፈጠራቸውን ፎልደሮች በማስታወሻ ይይዝ ነበር። ታሽጎ በመጣው ፋይል ውስጥ መጀመሪያ አንድ ፎልደር፣ ቀጥሎ በዚያው ስም ሲምቦሊክ ሊንክ (ወደ ሌላ ቦታ የሚጠቁም ፋይል) ቢቀመጥ፣ ማስታወሻው «ይህ የታወቀ ፎልደር ነው» ስለሚል ሊንኩ ሳይመረመር ያልፋል፤ የሚጻፈውም ሊንኩ ወደሚያመለክተው ቦታ ይሄዳል። ሁለቱ ከተስተካከሉ በኋላ በዚያው ዓመት ሦስት ተጨማሪ ክፍተቶች ይፋ ሆኑ፦ አንዱ በተገላቢጦሽ ስላሽ፣ አንዱ በተለያየ የዩኒኮድ አጻጻፍ ኮምፒውተሩ እንደ አንድ በሚቆጥራቸው ስሞች፣ አንዱ ደግሞ በዊንዶውስ የድራይቭ ፊደሎች አማካይነት። እያንዳንዱ ማስተካከያ ትክክል ነበር፤ ግን አጥቂው ያንኑ ቦታ በሌላ አጻጻፍ መጥራት ይችል ነበር።

ስለዚህ ማጣሪያዎ ስሙን ሳይሆን መድረሻውን ይመርምር። የመጣውን አድራሻ መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ ይፍቱት፤ ከተመደበው ፎልደር ጋር ያጣምሩት፤ ሊንኮች ሁሉ ተከትለው የሚደረስበትን እውነተኛ ቦታ ያስሉ፤ ያ ቦታ በተመደበው ፎልደር ውስጥ ካልሆነ ሥራውን ያቁሙ። ላስተካክለው ብለው አይሞክሩ፤ ውድቅ ያድርጉት። ፍተሻውና መጻፉ በተለያየ ጊዜ የሚካሄዱ ከሆነ በመካከል ቦታው ሊቀየር እንደሚችልም አይርሱ። የውስጥ ፓኬጆቻችሁ ሲምቦሊክ ሊንክ የማያስፈልጋቸው ከሆነ ከነጭራሹ ይከልክሉት። ይህ ብቻውን ከችግሩ አብዛኛውን ያነሣልዎታል።

አንድ ሌላ ምሳሌ ልጥቀስ። የረስት ቋንቋ መሣሪያ የሆነው ካርጎ፣ ፓኬጅ ፈትቶ ሲጨርስ ለምልክትነት በአንዲት ትንሽ ፋይል ላይ «ኦኬ» የሚሉትን ሁለት የላቲን ፊደላት ይጽፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 እንደታየው፣ አጥቂ ያንኑ ስም የያዘ ሲምቦሊክ ሊንክ በፓኬጁ ውስጥ ካስቀመጠ፣ እነዚያ ሁለት ፊደላት በተጠቃሚው ኮምፒውተር ላይ ሊንኩ የሚያመለክተውን የሌላ ፋይል መጀመሪያ ያጠፋሉ። ከአጥቂው የመጣ ጽሑፍ አልተጻፈም፤ የጻፈው መሣሪያው ነው፤ ያም ሆኖ ፋይሉ ተበላሽቷል። በረስት 1.64 ተስተካክሏል። እርስዎም ታሽጎ የመጣውን ብቻ ሳይሆን መሣሪያዎ ራሱ በዚያ ፎልደር ውስጥ የሚጽፋቸውን ፋይሎች ሁሉ ይፈትሹ። ለማስተካከያው ማረጋገጫ የሚሆኑ ፈተናዎችንም አብረው ይጻፉ፦ አራት ስላሽ ያለው ስም፣ ፎልደርን የሚተካ ሊንክ፣ በተገላቢጦሽ ስላሽ የተጻፈ አድራሻ። ፈተና ያልተጻፈለት ጥገና በሚቀጥለው የኮድ ማሻሻያ ሳይታወቅ ይጠፋል።

ጥያቄ፦ የፓይተን ፓኬጅ ማኔጀር የሆነውን ፒፕን በሩት ሥልጣን መጠቀም ለምን ይነወራል? እኔ የምጭነው የማውቃቸውን ፓኬጆች ብቻ ነው።

መልስ፦ በምንጭ ኮድ መልክ የሚመጣ የፓይተን ፓኬጅ ሲጫን፣ አንዳንዴም ሲወርድ ብቻ፣ በውስጡ ያለ ኮድ በኮምፒውተርዎ ላይ ይሠራል። እርስዎ የሚያውቁት አንዱን ፓኬጅ ነው፤ እርሱ የሚጎትታቸውን ሁሉ ግን አያውቋቸውም። ለየፕሮጀክቱ የተለየ ቨርቹዋል ኢንቫይሮንመንት (ከሌላው የተነጠለ የፓኬጆች ቦታ) ይጠቀሙ፤ በተራ ተጠቃሚ ሥልጣን ይጫኑ። በኤንፒኤም በኩልም የመጫኛ ስክሪፕቶችን ማጥፋት የሚያስችል አማራጭ አለ፤ አቻው የሆነው ፒኤንፒኤም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2025 ከወጣው 10ኛ ቨርዥኑ ጀምሮ የጥገኛ ፓኬጆችን ስክሪፕት ያለ ፈቃድ አያሠራም። ሌሎቹም ይህን ቢከተሉ ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ ለውስጥ ፓኬጆቻችን የራሳችን ሰርቨር አለን፤ ፒፕም ከሕዝባዊው ሰርቨር በተጨማሪ የእኛን እንዲያይ አድርገነዋል። ይህ አደገኛ ነው ሲባል ሰማሁ፤ የመሣሪያው አዘጋጆች ግን ስሕተት አይደለም ይላሉ። ማንን እንመን?

መልስ፦ ሁለቱም ወገኖች እውነት ይናገራሉ። ፒፕ ተጨማሪ ሰርቨር ሲሰጠው ሁለቱን እኩል ያያቸዋል፤ ከፍተኛ ቨርዥን ቁጥር ያለውንም ይመርጣል። የእናንተን የውስጥ ፓኬጅ ስም ያወቀ ሰው በዚያው ስም በሕዝባዊው ሰርቨር ላይ ትልቅ ቁጥር ያለው ፓኬጅ ቢያስቀምጥ፣ ፒፕ የእርሱን ያመጣል። ይህ ሲቪኢ-2018-20225 ተብሎ ተመዝግቧል፤ አዘጋጆቹ ግን አማራጩ የታሰበለትን ሥራ እየሠራ ነው ብለዋል። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2021 አሌክስ ቢርሳን የተባለ ተመራማሪ በዚህ ዘዴ ከ35 በላይ በሆኑ ድርጅቶች ሲስተም ውስጥ ኮድ ማሠራት እንደቻለ አሳወቀ። በዲሴምበር 2022 ደግሞ ፓይቶርች የተሰኘው የማሽን ለርኒንግ ላይብረሪ የዕለት ተዕለት ቨርዥን በሚያስፈልገው ቶርችትራይተን በተባለ ፓኬጅ ላይ ይኸው በእውነተኛ ጥቃት ተፈጸመ፤ ከ25ኛው እስከ 30ኛው ቀን ድረስ የጫኑት ሰዎች የአጥቂውን ፓኬጅ ወሰዱ። የፓይቶርች አዘጋጆች የፓኬጁን ስም ለውጠው፣ በሕዝባዊው ሰርቨር ላይ ስሙን ራሳቸው ያዙት።

ለእናንተ የምመክረው ተጨማሪ ሰርቨር የሚለውን አማራጭ ትታችሁ፣ ፒፕ የሚያውቀው አንድ ሰርቨር ብቻ እንዲሆን ማድረግን ነው። ያ ሰርቨር የእናንተው ይሁን፤ ሕዝባዊ ፓኬጆችን እርሱ ያምጣላችሁ፤ በውስጥ ስም የተጠየቀን ፓኬጅ ግን ወደ ውጭ ሄዶ እንዳይፈልግ ይከልከል። በዚህ ላይ የእያንዳንዱን ፓኬጅ ሃሽ በሎክ ፋይል (የሚጫኑትን ፓኬጆች ትክክለኛ ቨርዥን በሚመዘግብ ፋይል) ውስጥ መዝግቡ፤ ፒፕም ሃሽ የሌለውን እንዳይጭን እዘዙት። የመሣሪያው አዘጋጆች ስሕተት አይደለም ያሉት ነገር በእናንተ ሲስተም ላይ ክፍተት ሊሆን ይችላል፤ የሚዘጋውም በእናንተው እጅ ነው።

ጥያቄ፦ አንዱ ወዲያው አዘምኑ ይላል፤ ሌላው አዲስ ቨርዥን ጥቂት ቀን ይቆይ ይላል። የቱን ልከተል?

መልስ፦ ምክሮቹ የሚናገሩት ስለተለያዩ ነገሮች ነው። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2025 ቾክና ዲበግ የተባሉት በእጅጉ የተስፋፉ የኤንፒኤም ፓኬጆች ባለቤት በሐሰተኛ ኢሜይል ተታልሎ፣ በአካውንቱ ጎጂ ቨርዥኖች ተለቀቁ፤ በሰዓታት ውስጥም ተነሡ። ጥቂት ቀናት መጠበቅን ልማድ ያደረገ ሰው አልተነካም። ስለዚህ የደኅንነት ማስታወቂያ ያልወጣለት ተራ አዲስ ቨርዥን ይቆይ። ማስታወቂያ የወጣለት፣ በተለይም የፓኬጅ ማኔጀሩን የራሱን ክፍተት የሚዘጋ መጠገኛ ግን አንድ ቀንም አይደር፤ ክፍተቱ ይፋ ከሆነበት ሰዓት ጀምሮ አጥቂዎችም ያንኑ ማስታወቂያ እያነበቡ ነው። የመቆያ ጊዜን በመሣሪያው ውስጥ የሚያስቀምጡ ከሆነም፣ እንዲህ ላለው መጠገኛ በስም ለይተው የሚፈቅዱበትን መንገድ ከወዲሁ ያዘጋጁ።